የጠገራ ብር ቆዳ

ወደ ባቲ የሚሄድ ሰው እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ቢነሣ ሁለት ገበያ ያገኛል። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል፤ የባቲ ደግሞ ሰኞ። በመሐል ኮምቦልቻ ማደር ነው። ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚመርጠው ግመሉን፣ የአፋሩንና የኦሮሞውን፣ የአርጎባውንና የአማራውን አለባበስ በአንድ ሜዳ ለማየት ነው። ሙዚቃ የሚወድ ደግሞ ከቅኝቶቻችን አንዱን በስሟ የምንጠራባትን ከተማ ለማየት ይጓጓል። እኔን የወሰደኝ ከእህል ተራና ከከብት ተራ ፈንጠር ብለው፣ ጨርቅ አንጥፈው የድሮ ብር የሚሸጡት ሰዎች ናቸው። ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ የአንገት መስቀል ይዘው ይቀመጣሉ። ከመሐሉ ደግሞ ጠገራ ብር አይጠፋም።

ጠገራ ብር መርማሪን ያስቸግራል። ሌላው የድሮ ገንዘብ ዕድሜውን ፊቱ ላይ ጽፎ ይዞራል፤ ጠገራ ግን 1780 ላይ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን አረፈች። ብሩ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ በነበረው ንግድ እጅግ ስለተወደደ ዓመተ ምሕረቱ ሳይነካ መታተሙን ቀጠለ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ አትመውታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩበት። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። እንግዲህ አንድ ሰው እጁ ላይ ያስቀመጠው ጠገራ ዐፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ የተዘዋወረ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣም ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ዓመት አንድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ ቆዳውን ማንበብ ግድ ይላል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ መንገዱ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ነው። በዚህ ዋሻ ባለፍኩ ቁጥር ጠገራ ትዝ ይለኛል፤ ምክንያት አለኝ። ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ ሮም አስገባ። ኢትዮጵያን የሚወር ጦር በኢትዮጵያ ገበያ የሚቀበሉት ገንዘብ ያሻዋልና። ኅትመቱ በሮም እጅ ብቻ መዋሉ ያልተዋጠላቸው እንግሊዞች በዓመቱ ለንደን ላይ ማተም ጀመሩ። ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተዘጋጁ ጊዜም ቦምቤይ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አሳተሙ። ከሱዳን ተነሥተው በጎጃም የገቡት የእንግሊዞቹ መኮንኖች የሳንድፎርድና የዊንጌት ጓዞች ከጥይቱ ጋር ጠገራ ጭነው ነበር። የአንዲት ሟች ንግሥት ፊት የወራሪውንም የአርበኛውንም ወጪ ሸፈነ ማለት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ከሚታየው ጠገራ ጥሩ መልክ ያለው አብዛኛው ከዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ የታተመ ይመስለኛል፤ ብዙ እጅ ሳይነካው ወደ ሣጥን ገብቷልና።

አያቶቻችን የሮምንና የለንደንን ሽኩቻ ሳይሰሙ ብሩን ከማንም በላይ ይመረምሩት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን ደጋግመው የጻፉት እሮሮ ነው። ባላገሩ ብሩን ይቀበልና ያገላብጠዋል። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ጥርት ብሎ መታየቱን ያጣራል፤ ከደረቷ ግርጌ ሁለቱን ትናንሽ የላቲን ፊደላት፣ ኤስና ኤፍን፣ ይፈልጋል። ፊደላቱ የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ መሆናቸውን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ከነዚህ አንዱ ከጠፋ ብሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ተጓዦቹ ነገሩን እንደ ግትርነት ቆጥረውታል።

እኔ እንደዚያ አላየውም። በአሸዋ ወይም በሸክላ ቅርጽ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ብር መጀመሪያ የሚያጣው ደቃቁን ነገር ነው፤ ዕንቁዎቹ ይዋጣሉ፣ ትናንሾቹ ፊደላት ይደፈናሉ። በመዘዋወር ብዛት ያለቀ ብርም መጀመሪያ የሚለቀው እነዚያኑ ነው፤ ያለቀ ብር ደግሞ ክብደቱን አጥቷል። ክብደቱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ወርቁና ዝባዱ የሚመዘንበት ወቄትም የዚያው ያህል ስለነበረ ብሩ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ታትሟል፤ ዳሩን ፍቆ ጥቂት ብር የሰረቀ ሰው ጽሑፉን አብሮ ይፍቃልና ይጋለጣል። በአንድ ዓይን ጥራቱን፣ ክብደቱንና እውነተኛነቱን መርምሮ የሚፈርድ ሕዝብ ግትር አይባልም። ጣሊያኖች በኤርትራ በ1891 እ.ኤ.አ. የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን መልክ፣ በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠገራዋን የምትመስል ሴት ያለበትን ብር ቢያትሙም ገበያው አልተቀበላቸውም። ለዓይን የምትመስል ብቻ አልበቃችም።

ሰንበቴ የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ከደጋው ብርድ ልብስ ተደራርቦ የወጣ ሰው እዚህ አንድ በአንድ ያወልቃል። ከጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት ከጨሌው ጋር ጠገራ የተሰካበት ድሪ ዘርግተዋል።

«እማማ፣ ይህ የማን ነበር?»

«የእናቴ ነው ልጄ። ለእናቴም ከእናቷ የመጣላት።»

ሻጭ ሁሉ እንደዚህ ይላል። ያን ዕለት ግን ብሩ ራሱ መሰከረላቸው። የንግሥቲቱ ፊት በደህና ሁኔታ ላይ ነው፤ ከሻሿ ሥር የወጣው የጸጉሯ ዘለላ ይቆጠራል። ባሏ ፍራንስ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተ ጀምሮ ያልተለያት የሐዘን ሻሽ እጥፋቱ ይታያል። ብሩን ስገለብጠው ባለ ሁለት ራሱ ንስር የለም ማለት ይቻላል፤ ክንፉ ጥላ ብቻ ሆኗል፣ ደረቱ ላይ ያለው ጋሻ ልሙጥ ነው። ገንዘብ ሆኖ በከረጢትና በመቀነት የዞረ ብር በሁለቱም ፊት እኩል ያልቃል። አንዱ ፊት ድኖ ሌላው ካለቀ በልብስ ላይ ተንጠልጥሎ ዓመታት ኖሯል ማለት ነው፤ ንስሩ በደረት በኩል ሆኖ እያንዳንዱን እርምጃ ከጨርቅና ከላብ ጋር ተፋትጓል። በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጎረቤቶቹ ጨሌዎች የወቀሩት ስርጉድ አለ። ከላይ የተበየደችው ማንጠልጠያ ቀዳዳዋ ክብነቷን አጥታ ወደ ላይ ረዝማለች፤ ክሩ በልቷታል።

ይህን ሁሉ አንጥረኛ በአንድ ቀን ሠርቶ ሊያስመስለው አይችልም። ለማስመሰልም አያዋጣውም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የገንዘብ ሰብሳቢዎች ሕግ ይህ ብር የተጎዳ ነው፤ ማንጠልጠያ የተበየደበት በሙሉ ከደረጃ ውጭ ይሆናል። ዋጋውም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ ለውጭ ገዢ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች ማንጠልጠያውን ነቅለው በሞረድ ይፍቁታል፣ ቀዳዳ ካለም ይደፍኑታል። ይህን ለማወቅ ብሩን በጠርዙ አቁሞ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለውን ቦታ ማየት ነው። የጠርዙ ጽሑፍ እዚያ ላይ ይቋረጣል፤ የብየዳው ቅሪት ከብሩ ቀለም ይለያል፤ ወይ ወደ ቢጫ ወይ ወደ ግራጫ ያደላል።

«ማንጠልጠያውን ላስነቅልልህ? ፈረንጆቹ እንደዚያ ነው የሚወዱት» አሉኝ ሴትዮዋ።

«አይ እማማ፣ እንዳለ ይሁንልኝ።»

ሳቁብኝ። ዋጋው ግን አልቀነሰም።

ለእኔ ማንጠልጠያው ጉዳት አይደለም፤ የብሩ ሁለተኛ ሥራ ማስረጃ ነው። ጠገራ እዚህ አገር ገንዘብ የነበረውን ያህል የሙሽራ ጌጥም፣ የአንጥረኛ ጥሬ ዕቃም ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው የብር መስቀል፣ በየሴቱ አንገት ያለው ድሪ ብዙው ጠገራ ቀልጦ የወጣ ነው። ያልቀለጠውና ማንጠልጠያ ብቻ የተጨመረበት ዕድለኛ ነው።

ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ ከአልጋው ራስጌ አንዲት ትንሽ መብራት ነበረች። ብር ለመመርመር ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም። ረጅሙ የጣሪያ ዘንግ መብራት ጭረትን ይደብቃል፤ በአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ግን ምንም አያሳልፍም። ክፍሉን አጨልሞ፣ ብሩን በጠርዙ ይዞ፣ ከመብራቱ ሥር ቀስ አድርጎ ማዘንበል ነው። ጣት ፊቱን መንካት የለበትም።

አዲስ የታተመ ብር የሚያበራበት የራሱ መንገድ አለው። ማተሚያው ሲጫነው ብረቱ ከመሐል ወደ ዳር ይፈስሳል፤ በዚያን ጊዜ በዓይን የማይለዩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ገጹ ላይ ይቀራሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ከመሐል እስከ ጠርዝ በጨረር ይሰለፋል፤ ብሩን ሲያዞሩት ጨረሩም አብሮ ይዞራል። ይህ የሚዞር ብርሃን ያለው ብር ቆዳው አልተገፈፈም። ብሩ በሰው እጅ ሲዞር መስመሮቹ ቀድመው የሚጠፉት ከፍ ብለው ከወጡ ቦታዎች ነው፤ በጠገራ ላይ ከንግሥቲቱ ጆሮ በላይ ካለው ጸጉር፣ ከትከሻዋ ጌጥ፣ ከደረቷ ሙላት፣ በጀርባው ደግሞ ከንስሩ ጋሻና ከክንፎቹ ላባ። እዚያ ላይ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነጥብ ከታየ ብሩ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ጥቂት ሠርቷል። ግራጫው ሲሰፋ፣ ላባው ሲያያዝ፣ ጸጉሩ አንድ ሲሆን ደረጃው በዚያው ልክ ይወርዳል።

አንዳንዱ ብር ግን ሲወለድም ጸጉሩ ሙሉ አይደለም። ማተሚያው ያረጀ ከሆነ ወይም ምቱ ከደከመ ከፍታዎቹ በደንብ አይሞሉም። እንዲህ ያለውን ካለቀው ለመለየት ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ያን የሚዞር ብርሃን መፈለግ ነው። ካለ፣ ድክመቱ የማተሚያ ቤቱ ነው፤ ከሌለ፣ የሰው እጅ ነው።

የተወለወለ ብር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ያብረቀርቃል፣ ከሩቅም ይጠራል፤ ብርሃኑ ግን አይዞርም፤ ባለበት ይቆማል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ሜዳው በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሮጡ ደቃቅ ጭረቶች ተሞልቷል። በፊደላቱ ሥርና በንስሩ አክሊል ስንጥቅ ውስጥ አመዱ ወይም የማጠቢያ ዱቄቱ ነጣ ብሎ ይገኛል። በአሲድ የተነከረ ደግሞ ጭረት አይኖረውም፤ ወጥ የሆነ የሞተ ንጣት ይኖረዋል። አሲዱ ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም የብር ስስ ሽፋን ይወስዳል፤ የሚዞረው ብርሃን ያለው ደግሞ እዚያ ሽፋን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከሄደ የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

ስለ ጥቁረቱ ብዙ ሰው የሚያምነው የተሳሳተ ነው። ቆሻሻ ይመስላቸዋል። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የምድጃ ጭስ፣ ሱፍ፣ ቆዳና ርካሽ ወረቀት ሁሉ ድኝ ይሰጡታል። ሽፋኑ በጣም ስስ ሲሆን ወርቃማ፣ ሲወፍር ሐምራዊና ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ቀለሙን የሚወስነው ውፍረቱ ብቻ ነው። ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ቀስ ብሎ የሚለወጥ ቀለም ዓመታት የወሰደ ነው። በአንድ ጊዜ ደማቅ ሆኖ፣ ከተቧጠጠ ቦታ ውስጥ እንኳ ሳይቀር ገብቶ የተቀመጠ ቀለም ግን እጅ አለበት።

ያደጉት አገሮች ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ይገልጹታል። ቁጥሩን ያወጣው ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ድሮ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲም ይናገር ነበር። ሐሳቡ ባለ 70 ነጥቡ ባለ አንድ ነጥቡን 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ሒሳብ ቶሎ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ዛሬ በፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ጠገራ 63 ወይም 64 ተብሎ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴ ልዩነት ነው ባይ ነኝ። ሰንበቴ ላይ የሚያስፈልገኝ እውነተኛነቱን፣ ምን ሲሠራ እንዳለቀና ቆዳው የራሱ መሆኑን ማወቅ ነው። ለዚያ ቁጥር አይሰጥም።

እውነተኛነቱን ለማወቅ ሌላም ቀላል መላ አለ፤ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ማስቀመጥ፣ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ፣ ብሩን በክር አንጠልጥሎ ብርጭቆውን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ማስገባት። እውነተኛ ጠገራ ከሆነ ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል። ከዚያ በጣም ከራቀ ከውስጥ ሌላ ብረት አለ። ብሩን አይጎዳውም፤ አሲድ ጠብ እንደሚያደርጉት አይደለም።

ባቲ በማግሥቱ ማለዳ ነው የገባነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ አየሩ ይለወጣል፤ ከቆላው የሚመጡት ግመሎች ከመኪናው ጋር መንገድ ይጋፋሉ። ጨርቃቸውን ያነጠፉት ሽማግሌ ነጋዴ ሐጂ ይባላሉ፤ ሁሉም የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። ፊታቸው የተደረደረው ጠገራ በሙሉ እንደ መስታወት ያበራል። ከጎናቸው የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ፣ አመድ በጣሳ፣ የተበጣጠሰ ጨርቅ።

«ሐጂ፣ ያልታጠበ የለዎትም?»

«የጠቆረውን ምን ያደርግልሃል?»

«እንደዚያ ነው የምወደው።»

«ወንድሜ፣ የጠቆረ ብር ይዤ ብቀመጥ ሰው ቆርቆሮ ነው ይለኛል። ልጁን የሚድር አባት የሚያበራ ነው የሚገዛ። ቱሪስቱም የሚያበራ ነው የሚገዛ። አንተ አንድ ነህ።»

መልስ አልነበረኝም። ሐጂ ልክ ናቸው። ጌጥ ሊሆን የታሰበ ብር ቢወለወል አያስቆጭም፤ ሲያበራ ነው ሥራውን የሚሠራ። የሚያስቆጨው ገንዘብ ሆኖ ሊታይ የሚገባውና አንድ ምዕተ ዓመት ያለ ጭረት የኖረው ብር በአንድ ሎሚ ሲገፈፍ ነው። ያንን የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ አይደለም፤ ከሣጥን ያወጣው የቤተሰብ ልጅ ነው። በጥርስ ሳሙና ይፈትገዋል፣ በቪም ያሸዋል፣ ከዚያ «እንዴት አማረ!» ብሎ ይዞት ይመጣል።

ሐጂ በጆሯቸው የሚያውቁት ነገር እኔ በመብራት ከማውቀው ይበልጣል። አንዱን ብር በጣታቸው ጫፍ አስቀምጠው በሌላው ብር ጠርዝ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ተንቀጥቅጦም ይሞታል። ሌላውን ሲመቱት ጠብ ብሎ ቀረ። «ይህ ተሰንጥቋል ወይ ተደፍኗል» አሉ ሳያዩት። ገልብጬ አየሁት። ከንግሥቲቱ አናት በላይ የተደፈነ ቀዳዳ ነበረበት፤ ድፍኑ በጥሩ እጅ የተሠራ ነው፣ ያለ ድምፁ በቀላሉ አላገኘውም ነበር።

ከጠገራው መሐል አንድ የምኒልክ ብር ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ገንዘብ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ላይ ሲያሳትሙ ክብደቱና ጥራቱ ከጠገራ ጋር እንዲመጣጠን አድርገዋል፤ ከሺህ 835 እጁ ብር ነው። ከሥሩም አላድ (ግማሹ)፣ ሩብና ተሙን (ስምንተኛው) ወጡ። ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ ከለመዳት ሴት አልተላቀቀም። የምኒልክ ብር ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው የዘውዱ ጌጥና ከጆሮው አጠገብ ያለው ጸጉር ነው፤ በጀርባው የአንበሳው ጋማ። ጋማው እየተለየ ከታየ ብሩ ብዙ አልሠራም።

ሐሰተኛውን የምኒልክ ብር በመለየት ግን አማርኛ አንባቢ ከፈረንጅ ሊቅ ይቀድማል። ፊደሉን እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ያያልና። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚለው ላይ የ«ዐ» ክብ ተደፍኖ፣ የ«ሁ» ቅጥያ ከአካሏ ጋር ቀልጦ፣ በዓመቱ የግዕዝ አኃዝ ላይም መስመሮቹ ተጣብቀው ከተገኙ ብሩ በማተሚያ አልተመታም፤ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ፈስሷል። ሐጂ የያዙት ፊደሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ቆዳው ግን በሎሚ ሄዷል። ተመኘሁት፣ አልገዛሁትም።

ስለ ማታለል ካነሣን አይቀር የስሙኒ ታሪክ ይታወስ። ከነጻነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲሱን ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ሲያወጡ ሽልንጉ፣ ማለትም ባለ ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ከአሜሪካ በብድር በመጣ ብር ተሠራ። ስሙኒው፣ ባለ ሃያ አምስቱ፣ መዳብ ነበር፤ በስፋቱ ግን ከሽልንጉ ጋር ተቀራራቢ። ብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ማዞር ጀመሩ። መንግሥት ስሙኒውን ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ ቆረጠው፤ ባለ ጥርሱ ስሙኒ የመጣው ከዚያ ነው። ቅቡን ለማወቅ ዛሬም የሚታየው ከፍታው ነው። ቅብ ቀድሞ የሚለቀው ብር ቀድሞ ከሚያልቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብልጭ ካለ ከሥሩ ያለው መዳብ ነው።

ባቲ ላይ ያየሁት በጣም የተጎዳ ብር ግን ማንም ያላጠበው ነው። ከመሬት ወጥቷል አሉኝ። ገጹ ላይ ሰም የመሰለ ግራጫ ቅርፊት ተጋግሯል፤ በዳሩ አረንጓዴ ዝገት። አረንጓዴው በብሩ ውስጥ ያለው መዳብ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። ግራጫው የጨው ሥራ ነው። ጨዋማ አፈር ውስጥ የኖረ ብር ቀስ በቀስ ወደዚህ ይለወጣል፤ ቅርፊቱ ቢነሣ ከሥሩ የሚገኘው የተበላ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ገጽ ነው። እንዲህ ያለውን መፋቅ የቀረችውን ምስል ማጥፋት ነው። ሻጩ ወጣት ነበርና እንዳይነካው ለመንኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን የሎሚውን ዋጋ ሲያሰላ አየሁት።

አሁን ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። በየቤቱ ከእናት ሣጥን፣ ከአያት ሙዳይ የቀረ ጠገራ፣ የምኒልክ ብር ወይም አላድ አለ። በውጭ አገር ያላችሁም ከዘመድ የተሰጣችሁን ይዛችሁ ሄዳችኋል። እባካችሁ አትፈትጉት። አፈር ካለበት በንጹህ ውኃ ብቻ ነክራችሁ ሳታሹት ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። በለስላሳውና በሚተጣጠፈው ላስቲክ አትጠቅልሉት፤ አንዳንዱ ሲያረጅ አሲድ ያመነጫል፣ ብሩም ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተዋል። በጠርዙ ብቻ ያዙት። ማንጠልጠያ ካለው አታስነቅሉ። አገር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ለፈረንጅ ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አስቡ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከሁሉም በላይ የብሩን ባለቤት ስም፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ አንገት ላይ ይዋል ወይ ከረጢት ውስጥ፣ የምታውቁትን ሁሉ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከብሩ አጠገብ በሌላ ፖስታ አኑሩ። ዓመቱን 1780 ብላችሁ ከመጻፍ ግን ራቁ፤ እሱን ብሩ ራሱ ይለዋል።